ልብስ ሰፊውና እምቢ ያለው የፎጣ ማሞቂያ

የመታጠቢያ ቤቱ የፎጣ ማሞቂያ ከቀዘቀዘ ሳምንት አለፈው። እንደ መሰላል የተደረደሩ ነጫጭ ቱቦዎች ናቸው፤ የቤቱ ሙቅ ውኃ ውስጣቸው ሲዞር የተሰቀለባቸውን ፎጣ ያሞቃሉ። አሁን ግን ከታች ለብ ይሉና ከወገባቸው በላይ በረዶ ናቸው። ልብስ ሰፊው ለዚህ እንቅልፍ የሚያጣ ሰው አልነበረም፤ ፎጣ ቀዘቀዘም ሞቀም ያው ያደርቃል። የሚያስጨንቀው ማሞቂያው ሳይሆን አማቱ፣ የሚስቱ እናት ናቸው።

አማቱ ልጃቸውን ለመዳር ያሰቡት ለእሱ አልነበረም፤ ለወዳጃቸው ልጅ፣ ለቧንቧ ሠራተኛው ነበር። ልጅቷ ግን ልብስ ሰፊውን መረጠች፣ እሳቸውም ዋጥ አድርገው ዝም አሉ። ዝም አሉ ማለት እንግዲህ አፋቸው ነው እንጂ ሆዳቸው አይደለም። በዚህ ቤት አንዲት ጠብታ ያለ ቦታዋ በተንጠባጠበች ቁጥር «ያ ልጅ ቢሆን ኖሮ…» ብለው ይተነፍሳሉ። ሊከርሙ ከመጡ ወዲህ ደግሞ ቀዝቃዛው ፎጣ ትከሻቸውን ሲነካቸው፣ «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም!» የሚለው ድምፃቸው እስከ ጎረቤት ይሰማል።

ዛሬ ጠዋት ቁርጡን ነገሩት። «እስከ ማታ ካልሞቀ ያንን ልጅ እጠራዋለሁ። አንተም አጠገቡ ቆመህ ፎጣ ትይዝለታለህ።»

ልብስ ሰፊው ይህን ከሚያይ መርፌ ቢውጥ ይመርጣል። እልህ ምላጭ ያስውጣል እንዲሉ፣ ሱቁን ዘግቶ በቀጥታ ወደ ዕቃ መሸጫው ገሰገሰ።

«አየር ነው የያዘው» አለው ሻጩ ጉዳዩን ሰምቶ። «ከላይ ጥጉ ላይ ትንሽ ብሎን አለች። በዚች ቁልፍ ፈታ አድርጋት፤ አየሩ ሲወጣ ውኃው ወደ ላይ ይሄዳል። ቁልፏ የመጨረሻዬ ናትና አደራ፣ እንዳትጥላት።»

ቤት ሲደርስ ሚስቱ ሥራ ላይ ናት፤ አማቱ ሳሎን ሶፋ ላይ ያንቀላፋሉ። በመጀመሪያ ማሞቂያውን ቁመቱንና ስፋቱን በሜትር ለካ። ለምን እንደለካ እሱም አያውቅም፤ ሳይለካ የሚነካው ነገር የለም። ከዚያ ብሎኗን ፈታ አደረገ። እሽሽሽ! ከርሞ የሰነበተ ካልሲ የሚሸት አየር ወጣ፣ ተከትሎም ጥቁር ውኃ ፊቱን አጠበው። ዓይኑን ጨፍኖ ብሎኗን መልሶ አጠበቀ። ቱቦዎቹን ሲዳስስ ሙቀቱ ከአንዱ ወደ አንዱ ይወጣል! በደስታ እጁን ሲያወናጭፍ ቁልፏ አፈትልካ ከማሞቂያው ጀርባ ወደቀችና፣ ቧንቧው ግድግዳ የሚገባበት ያልተደፈነ ቀዳዳ አፍ ላይ ተንጠልጥላ ቀረች።

ልብስ ሰፊው «ዓይኑ ሜትር ነው» የሚባልለት ሰው ነው። የቱቦዎቹን ክፍተት አየ፣ ክንዱን አየ፣ «ይበቃል» ብሎ ፈረደ። እውነትም በቃው። እጁን እስከ ክርኑ አስገብቶ ቁልፏን ጨበጣት። ሲመልሰው ግን ወይ ፍንክች! የለካው የተዘረጋ እጅ ነው፤ የሚያወጣው ግን የተጨበጠ ነው። ጣቱን ካልፈታ እጁ አይወጣም፣ ጣቱን ከፈታ ቁልፏ ቀዳዳው ውስጥ ትገባለች። ሳምንት ሙሉ ሲለመን የኖረው ማሞቂያ ደግሞ ሥራው ትዝ ያለው አሁን ነው።

«ኡፍ! ውይ! ውይ!»

አማቱ ነጠላ ጫማቸውን እየጎተቱ መጡና በሩን ከፈቱ። «ምን እየሠራህ ነው?»

«እየ… እየፈተሽኩ ነው፣ እማማ።»

«አቅፎ ነው እንዴ የሚፈተሸው?» የላይኛውን ቱቦ በጣታቸው ጫፍ ነካ አድርገው መለሱ። «ሞቋል!»

«ሞቋል» አለ ዕንባው እየመጣ።

«አንተ ነህ የሠራኸው? ብቻህን?»

«እማማ፣ በፈጠረዎት፣ ክንዴ እየተጠበሰ ነው!»

ያኔ ነቁ። ፎጣ በቀዝቃዛ ውኃ ነክረው ክንዱ ላይ ጠመጠሙ፣ የሳሙናውን ጠርሙስ ከትከሻው ጀምረው ገለበጡበት፣ ወገቡን በሁለት እጃቸው ይዘው ጎተቱ። እሱ ይጮኻል፣ እሳቸው ያማትባሉ፣ ክንዱ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም። በመጨረሻ ጎንበስ ብለው በቱቦዎቹ መሐል አጮለቁ።

«እጅህ ላይ ምን ይዘሃል?»

«ቁልፍ።»

«ልቀቀዋ!»

«አልለቅም! እሷ ከጠፋች፣ ሌላ ቀን ሲቀዘቅዝ ያንን ሰው ሊጠሩብኝ ነው!»

አማቱ ስልካቸውን ከኪሳቸው አወጡ። «እንግዲያው አሁኑኑ ልጥራው፤ መጋዙን ይዞ ይምጣ።»

ቁልፏ ኳ፣ ኳ፣ ኳ እያለች ግድግዳው ውስጥ ስትወርድ ተሰማ። ክንዱ ተስፈንጥሮ ወጣ፤ እሱ ምንጣፉ ላይ፣ በግፊቱ አማቱም የቆሻሻ ልብስ ቅርጫቱ ላይ ዘጭ አሉ። ተያዩ። አማቱ ሳቁ፤ ጎናቸውን ይዘው፣ ዕንባቸው እስኪወርድ ሳቁ፤ እሱም አብሮ ሳቀ። በእሱ ላይ ሲስቁ ብዙ ጊዜ ሰምቷል፤ ከእሱ ጋር ሲስቁ ግን የመጀመሪያቸው ነው፣ ደስ አለው።

አመሻሹ ላይ ሚስቱ ገብታ ማሞቂያውን ዳሰሰች። «ሞቋል እኮ! ማን መጣ?»

ልብስ ሰፊው አፉን ሳይከፍት አማቱ ቀደሙት። «ማን ይመጣል? ባልሽ ነዋ!»

«ክንዱስ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የተሰነበረው?»

«ሥራ የሠራ ክንድ አይተሽ አታውቂም?»

ከዚያ ሳሎን ገብተው፣ የቧንቧ ሠራተኛው እናት ጋ ደወሉ። በሩን አልዘጉም፤ እንዲሰማ ነው። «ሄሎ፣ እህቴ! ስለ ፎጣ ማሞቂያው ነግሬሽ አልነበር? ልጅሽ እንዳይደክም፣ የእኛው ሠርቶታል። አዎ፣ ልብስ ሰፊው! ያውም በአንድ እጁ!»

ልብስ ሰፊው ክንዱን በቀዝቃዛ ውኃ እንደነከረ ፈዞ ቀረ። የእኛው! ለዓመታት የተመኛት ቃል ናት።

«ምን?» አሉ አማቱ ስልኩ ላይ። «የአንቺም ቀዝቃዛ ነው? ከአምና ጀምሮ? ልጅሽስ? አይ፣ የሰው ቤት ሲሠራ የእናቱን ቤት የት ያያል! በይ አታስቢ፣ ነገ ጠዋት የእኛውን እልክልሻለሁ።»

ልብስ ሰፊው «ቁልፍ እኮ የለኝም» ሊል አፉን ከፈተ። ግን የእኛው የተባለ ሰው እንዲህ ያለ ነገር አይናገርም፤ መልሶ ዘጋው። አማቱ በበሩ ብቅ አሉ።

«ነገ እጅጌው አጭር ሸሚዝ ልበስ» አሉት።

«እሺ፣ እማማ» አለ።