የጋሽ ይርዳው ጉልበቶች

ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ የጋሽ ይርዳው ጉልበቶች ወደ አጥናፉ የሙዚቃ መሣሪያ መጠገኛ ገቡ። ጋሽ ይርዳው ከሞቱ ሰባት ወር ሆኗቸዋል። ጉልበቶቹ ሁለት ናቸው፤ በደንብ የተተኮሰ ግራጫ ሱሪ ለብሰዋል። ከጭኑ አጋማሽ በላይ ምንም የለም፤ ከቅልጥሙ አጋማሽ በታችም እንደዚያው። ደረጃው ላይ ትንሽ ተቸገሩ እንጂ በሰላም ገቡ።

ከኋላቸው የሟች ባለቤት ወይዘሮ አስካለ ተከተሉ። የታክሲው ሾፌር ደግሞ ባለ ፔዳሉን ጊታር ተሸክሞ ገባና በአራት እግሩ አቁሞት ወጣ። ይህ ጊታር እንደ ሌላው ጊታር አይታቀፍም። እንደ ጠረጴዛ ይቆማል፤ ተጫዋቹ ከኋላው ተቀምጦ ክሩን በእጁ ይመታል፣ ፔዳሉን በእግሩ ይረግጣል፣ ከሥሩ የተንጠለጠሉትን የብረት ማንሻዎች ደግሞ በጉልበቱ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይገፋል። ማንሻው ሲገፋ ድምፁ ይወጣል ወይም ይወርዳል።

“እንደምን አደርክ አጥናፉ” አሉ ወይዘሮ አስካለ። “ማንሻው ላልቷል። ይገፋል፣ ድምፁ ግን ቦታው አይደርስም።”

“ማን ነው የሚገፋው?”

ወይዘሮ አስካለ በአገጫቸው ወደ ጉልበቶቹ አመለከቱ። “ከአርባው ማግስት ጀምሮ እየመጡ ይቀመጣሉ። እኔን አያስቸግሩኝም፤ ምሳ አይሉ፣ ራት አይሉ። ግን ቀኑን ሙሉ ይሞክራሉ፣ አይሳካላቸውም። አንጀቴን በሉት። ይኼ ካልተስተካከለላቸው የሚያርፉ አይመስለኝም።”

አጥናፉ ከጊታሩ ኋላ ለጉልበቶቹ ወንበር አቀረበላቸው። ተቀመጡ።

የትኛው ብሎን እንደላላ መፈለግ አላስፈለገውም። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ያላላው ራሱ ነው። ያኔ ሁለቱም በአንድ የሆቴል ባንድ ውስጥ ነበሩ፤ ጋሽ ይርዳው ባለ ፔዳሉን፣ አጥናፉ ተራውን ጊታር ይመቱ ነበር። ባንዱ ወደ ውጭ ሊጓዝ ሆነና ከሁለቱ አንዱ ብቻ እንደሚሄድ ተነገረ። የምርጫው ዕለት አጥናፉ ከመሣሪያው ሥር ገብቶ የግራውን ማንሻ ብሎን በካቻቢቴ ግማሽ ዙር አላላው። ግማሽ ዙር ብቻ። ጋሽ ይርዳው መድረክ ላይ ማንሻውን ገፉ፤ ድምፁ ወጥቶ ወጥቶ ደጃፉ ላይ ቀረ። ሰው ሳቀ።

ጋሽ ይርዳው መሣሪያውን አልጠረጠሩም። “ጉልበቴ ከዳኝ” አሉና በዚያው መጫወቱን ተዉት። ወጌሻ ዘንድ እየሄዱ ታሹ፤ ጠበል ተጠመቁ፤ ቅባት ተቀቡ። ወጌሻው ዘንድ ደግፎ ያመላልሳቸው የነበረው ማን ነው ቢሉ፣ አጥናፉ ነው። ጤነኛ ጉልበታቸው ሲታሽ ጥርሳቸውን ነክሰው ሲያቃስቱ እጃቸውን ይዞ “አይዞዎት ጋሼ” ይላቸው ነበር። ጉዞውም ቢሆን በኋላ ተሰረዘ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይባላል። እዚህ ግን የተወጋው መወጋቱን ሳያውቅ ሞተ፤ ወጊው ነው ሃያ ሁለት ዓመት የበላው እንጀራ ያልረጋለት።

አጥናፉ በጀርባው ተንሸራቶ ከመሣሪያው ሥር ገባና ብሎኑን ግማሽ ዙር አጠበቀው። ካቻቢቴውን ኪሱ ከተተ።

“ምኑ ነበር?” አሉ ወይዘሮ አስካለ።

“እርጅና ነው እትዬ። ብረትም ያረጃል።”

ብሎኑ ግማሽ ዙር ላላ። ማንም አልነካውም። አጥናፉ እንደገና አጠበቀው።

“ወይም ሾፌሩ መንገድ ላይ አንገጫግጮት ይሆናል።”

ብሎኑ ላላ። አጥናፉ ለሦስተኛ ጊዜ አጠበቀውና ስለ ክረምቱ ብርድ ሊናገር አፉን ሲከፍት ብሎኑ ቀደመው።

“ስትናገር ነው የሚላላው” አሉ ወይዘሮ አስካለ። “እኔም እያየሁት ነው።”

አጥናፉ ከተኛበት ሳይነሳ፣ የመሣሪያውን ሆድ እያየ ነገራቸው። ስለ ካቻቢቴው፣ ስለ ግማሽ ዙሩ፣ ስለ ወጌሻው። አንድም አላስቀረም። እንዲያ አፍሮ አያውቅም፤ ጆሮው ሳይቀር ጋለ። ሲጨርስ ብሎኑን አጠበቀው፣ ብሎኑም ጠበቀ። ወይዘሮ አስካለ በጣታቸው ክሩን ነካ አደረጉት፣ የግራው ጉልበት ማንሻውን ገፋ፣ ድምፁ ወጥቶ ቦታው ላይ ቆመ።



“ያን ሁሉ ጠበል” አሉ ወይዘሮ አስካለ። “በጀሪካን እኔ ነኝ ተሸክሜ የማመጣለት የነበርኩት።”

አጥናፉ ከመሣሪያው ሥር ወጥቶ ጉልበቶቹ ፊት ተደፋ። ግራውን ሳመ፣ ቀኙን ሳመ። ሱሪው ሳሙና ሳሙና ይሸታል። በዳይ ጉልበት ሲስም ተበዳዩ ትከሻውን ይዞ ያነሳዋል፤ “ተነስ፣ ይቅር ለእግዚአብሔር” ይለዋል። እስኪያነሱት ድረስ በራሱ አይነሳም፤ ወጉ ይኸው ነው። አጥናፉ ግንባሩን በሁለቱ ጉልበቶች መሀል አድርጎ ጠበቀ።

“እጁ የለም እኮ” አሉ ወይዘሮ አስካለ። “እጁን እኔው ነኝ ደረቱ ላይ ያጣመርኩለት። እሱ አልመጣም።”

“እባክዎ እርስዎ ያንሱኝ፣ እትዬ።”

“የበደልከው እሱን ነው።”

ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ቢኖር ይሻለው ነበር። ሾፌሩን ጠርተው ጊታሩን አስጫኑ። ጉልበቶቹ ግን ከወንበሩ ንቅንቅ አላሉም። ወይዘሮ አስካለ በሩ ላይ ቆም ብለው አዩአቸው።

“እንግዲህ እዚሁ ሊሆኑ ነው” አሉ። “ሱሪው በየሳምንቱ ቅዳሜ ይተኮሳል። ውሃ እርጭ አድርገህ ነው፣ አለዚያ ያብለጨልጫል።” ታክሲው ሄደ።

ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ አንድ ደንበኛ መጣ። አጥናፉን እንደተደፋ አየው፣ ጉልበቶቹን አየ፣ ለጉልበቶቹ ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ሰጠ፣ ሊጠገን የሰጠውን ክራር ከግድግዳው ላይ አውርዶ ወጣ። የአጥናፉ ወገብ መንደድ ጀምሯል። ትከሻው ላይ የሚያርፍ እጅ ይጠብቃል።

ከዚያ የግራው ጉልበት ወደ ጎን ተንቀሳቅሶ ጉንጩን ገፋው። በቀስታ ነው፣ መላላት አለመላላቱን እንደሚፈትሽ ሰው። የአጥናፉ ጭንቅላት ትንሽ ሄደና ቆመ፤ ቦታው አልደረሰም። ጉልበቱ ተመልሶ እንደገና ገፋው።