ልቧስ ደህና ነበር

«ልብ ድካም ነው በያቸው» አለች እናት በጓዳው በር፣ ትልቋን ልጇን ክንዷን ይዛ። «ሌላውን ተይው። የእህትሽን ስም በክፉ አታስነሺ።»

ልጅቷ የሻዩን ትሪ ይዛ ወደ ለቀስተኞቹ ገባች። ሹክሹክታው ገና ከበሩ ይሰማል። ሆዷ ውስጥ ደም ፈሶ ነው አሉ፣ ባል የሌላት ልጅ፣ እንግዲህ ሌላ ምን ሊሆን ነው፣ ብታስወርድ ነዋ።

ሟቿ ታናሽ እህቷ ናት፤ የከተማ አውቶብስ ሾፌር። አፏ ስለማያርፍ ፍሬን የለሽ ይሏት ነበር፤ መሪ ስትይዝ ግን የእሷን ያህል ጠንቃቃ አልነበረም። እናት በልጇ ሥራ ስለምታፍር የደንብ ልብስ ጃኬቷን ደጅ ታስወልቃት ነበር።

ያን ዕለት ጠዋት ሆዷን ይዛ ክሊኒክ ሄዳለች። የወር አበባ ሕመም ነው ብለው ማስታገሻ ሰጥተው መለሷት። እናትም ሴት ሆኖ ይህን ያልቻለ ምኑን ሊችል ነው አለቻት። ቻለችው። ቁልቁለቱ ላይ ዓይኗ ሲጨልምባት አውቶብሱን ጥግ አስያዘች፣ የእጅ ፍሬኑን ሳበች፣ ሰዉን ውረዱልኝ አለች። ተሳፋሪው እያጉረመረመ ወረደ። የመጨረሻው ሰው ሲወርድ መሪው ላይ ተደፋች፤ በዚያው አልተነሳችም።

ሐሜቱን የሰማችው እህቷ ትሪውን መሬት አስቀመጠችው።

«ማስወረድ አይደለም፤ ልብም አይደለም። እንቁላል ማምረቻዋ ላይ ውሃ የቋጠረ እጢ ነበር። ፈንድቶ ደሟ ሆዷ ውስጥ ፈሰሰ። ቶሎ ቀዶ ሕክምና ቢያደርጉላት ትተርፍ ነበር ብለውናል አስከሬኗን የመረመሩት ሐኪሞች። ደግሞ ብታስወርድስ? እህቴ ናት፤ ቀና ብዬ ነበር የማለቅስላት።»

«ይሄ በሰው ፊት አይወራም፣ ልጄ» አሉ አንዲት በዕድሜ የገፉ ጎረቤት።

«ስላልተወራ ነው የሞተችው።»

እናት ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ልጅቷ ግን ያለችውን አልመለሰችም።

በዚህ መሐል የአውቶብሶቹ ተቆጣጣሪ ገባ። ከሾፌሯ ወንበር ጀርባ ተንጠልጥሎ የቀረውን ጃኬት አጥፎ ይዟል። እናት እግር ሥር ቁጢጥ ብሎ፣ «እናቴ፣ ምን አግኝቷት ነው?» አላት።

ሰዉ ሁሉ ወደ እናት ዞረ። እሷ ግን ትልቋን ልጇን ነበር የምታየው።

«እንቁላል ማምረቻዋ ላይ ያለ እጢ ፈንድቶባት ነው» አለች። «አመመኝ ስትል ቻይው አልናት። ልቧስ ደህና ነበር።»

ጃኬቱን ተቀብላ በጥቁር ልብሷ ላይ ደረበችውና ዚፑን እስከ አንገቷ ዘጋችው።