ከኮርኒሱ የሚወርደው ክር

ድመታችንን «እመቤት» ያላት ወንድሜ ጸጋይ ነው። የሰው ድመት አይጥ ይይዛል፤ የእኛዋ ወንበር ላይ ተጎልታ ወተቷ እስኪቀርብላት ትጠብቃለች። እኔን እያበሸቀች እሱን ታስቀዋለች።

በቀይ ሽብር ጊዜ ቀበሌው ጸጋይን ይፈልገው ጀመር። እናቴ ትብለጽ ቦሌ ያለው ቤታችን ኮርኒስ ውስጥ ፍራሽ ዘርግታ ደበቀችው። እዚያ ሆኖም ጨዋታ አልተወም። ክር ላይ የሸሚዝ ቁልፍ አስሮ በጣውላዎቹ ስንጥቅ ቁልቁል ይለቀዋል፤ እመቤት ከሥር ትዘላለች፣ ትገለበጣለች። እናቴ አፏን በነጠላዋ ይዛ ትስቃለች።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ የቀበሌ ጥበቃዎች ለአሰሳ መጡ። ክሩ ሽቅብ ተሳበ። ያቺ እርጉም ድመት ግን ስንጥቁ ሥር ቁጭ ብላ፣ አንጋጣ ትጮኻለች።

«ምን አይታ ነው?» አለ አለቃቸው ዱባለ።

«አይጥ ነዋ ልጄ! ኮርኒሱን ወረሩት እኮ» አለች እናቴ።

ዱባለ ትንሽ አንጋጦ ቆየና ሄደ። ጸጋይ ግን «በእኔ ምክንያት አታልቁም» ብሎ በማግስቱ ወጣ። በዚያው ቀረ።

እናቴ እስኪመለስ ብላ ብርድ ልብሱን አጥባ ሳጥን ውስጥ ከተተችው። እመቤት ግን ከስንጥቁ ሥር አልጠፋችም። ከሰዓት በኋላ ባዶውን አየር በእጇ እየመታች ትዘላለች፣ ትገለበጣለች።

«አየሻት? ልጄ ቢሞት ኖሮ እንዲህ ትጫወት ነበር?» ትለኛለች እናቴ።

ድመት ማንም ክር ቢያወርድላት እንደምትዘል ላሳያት ብዬ ኮርኒሱ ላይ ወጣሁ። ክሩ ከነቁልፉ ፍራሹ አጠገብ ወድቋል። አወረድኩት።

እመቤት ዞር ብላም አላየችው። ከእኔ ክር ራቅ ብላ፣ በጸጋይ ራስጌ በኩል ካለው ስንጥቅ ሥር ትዘላለች። እዚያ የሚወርድ ነገር የለም። ቀና ብዬ ወደ ራስጌው ለማየት ፈራሁ።

«እማዬ፣ ክሩን እኮ አውርጄዋለሁ» አልኩ።

እናቴ ክሩን አየች፤ ከዚያ ድመቷን አየች።

ስወርድ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ጠበቀችኝ። በቀይ ሽብር ለተገደሉት ማልቀስ ክልክል ስለነበር ድምፅ አላወጣችም። የጸጋይን ብርድ ልብስ ከሳጥኑ አውጥታ አቅፋዋለች።

«እዚያ ላይ ይበርዳል» አለችኝ። «ውሰጂና አልብሺው።»