ያልታጠበው አንሶላ

ፊደል ያልቆጠረ ሰው አፍንጫም የለውም ያለው ማን እንደሆነ አላውቅም። ያቺ ዶክተር ግን እንደዚያ ታምን ነበር። ምራቴ የተኛችበት ክፍል አራት ቀን ሙሉ ስትገባ ስትወጣ እኔን የምታየኝ እንደ ወንበር ነው፤ እንዲያውም ለወንበሩ ዞር ብላ ታልፋለች። «እማማ፣ እስቲ ትንሽ ውጪ ይጠብቁ» ነው ንግግሯ ሁሉ። እኔ እኮ እዚያው ሆስፒታል ምድር ቤት፣ ልብስ ማጠቢያው ውስጥ፣ እሷ ሳትወለድ ጀምሬ ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ገመና ሳጥብ የኖርኩ ሴት ነኝ። የዚያን ቤት በሽታ እሷ ከመጽሐፍ አወቀችው፤ እኔ ከአንሶላ።

ልጄ አውቶቡስ ነጂ ነው። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ከሲታ ስለሆነች «መርፌ» እላታለሁ፣ እሷም አይከፋትም። ሰባት ዓመት ወልዶ መሳም አምሯቸው ኖሩ። ያረገዘችው ተስፋ ከቆረጥን በኋላ ነው። አምስተኛ ወሯን እንደያዘች፣ ስፌት መኪናዋ ላይ እንደተቀመጠች የእንሽርት ውሃዋ ፈሰሰ።

ዶክተሯ የመጀመሪያ ቀን ባልና ሚስቱን አስቀምጣ በግልጽ ነገረቻቸው፤ ይህን አልክድባትም። እኔ በሩ ጋ ቆሜ ሰማሁ። ልጁ ገና ነው፣ ቢወጣ ሳንባው መተንፈስ አይችልም። ልቡ ግን ይመታል። «ጥቂት ቀን መጠበቅ ትችላላችሁ፤ ተስፋው ትንሽ ነው» አለች። «ትኩሳት ወይም መጥፎ ሽታ ከመጣ ግን ማህፀኗ ውስጥ ኢንፌክሽን ገብቷል ማለት ነው። ያን ጊዜ እርግዝናውን ካላቋረጥን እናቲቱንም እናጣለን።»

መርፌ «እጠብቃለሁ» አለች። ልጄም «እንጠብቃለን» አለ። እኔን የጠየቀኝ የለም።

አሁን ጥፋቴን ልናገር። የእኔ ሰው እድፍ ያለበት አንሶላ ላይ ተኝቶ ማንም እንዲያይብኝ አልፈልግም። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት፣ ሐኪሞቹ ሳይዞሩ፣ ምድር ቤት ወርጄ ከድሮ ባልደረባዬ ከካውያ ነጭ አንሶላ እቀበላለሁ፤ የቆሸሸውን እሰጣታለሁ። ካውያ የምንላት ስትቆጣ ስለምትግል ነው። ነርሶቹ «ይህ አልጋ እንዴት ንጹሕ ነው» ባሉ ቁጥር ደረቴን እነፋ ነበር።

በአራተኛው ቀን አንሶላውን ስስብ ሸተተኝ።

ያን ሽታ አውቀዋለሁ። ጣፋጭ ነገር ተከድኖ ሲበላሽ የሚሸተውን ዓይነት ነው፤ በረኪና እንኳ ቶሎ አይለቀውም። በሠላሳ አንድ ዓመት ከነፍሰ ጡሮች ክፍል ስድስት ጊዜ ወደ እኔ ወርዷል። ከስድስቱ ሴቶች አራቱ በሬሳ ክፍል በር ነው የወጡት።

«መርፌ፣ ይሸታል» አልኳት።

«እማምዬ፣ ዝም ብለው ይቀይሩልኝ።»

እጇን ብይዘው አቃጠለኝ። «ትኩሳት አለሽ።»

«ሲስተር ስትለካኝ የለኝም።»

ብርድ ልብሱን ገለጥ ባደርግ፣ ልጄ ጠዋት ጠዋት የሚያመጣላት የበረዶ ውሃ ጠርሙስ ቴርሞሜትሩ በሚገባበት ብብቷ ውስጥ ተሸጉጧል። እሱ ምስኪን፣ የጠማት መስሎታል።

«ዛሬን ብቻ» አለችኝ። «ይመታል እኮ እማምዬ። ትናንት አሰሙኝ። ልክ እንደ ስፌት መኪናዬ ነው፣ ቶሎ ቶሎ።»

አንጀቴን በላችው። አዎ፣ እያወቅኩ ቀየርኩላት። አንሶላውን አውርጄ ለካውያ ሰጠሁ። ደረጃውን ስወጣ ግን መሃል ላይ ቆምኩ። እነዚያ አራቱ ታወሱኝ። ፊታቸውን እንኳ አይቼ አላውቅም።

ዶክተሯን ኮሪደር ላይ ያዝኳት። «ምራቴ ሽታ አላት።»

«እማማ፣ አሁን አይቻት መምጣቴ ነው። ትኩሳት የላትም።» መዝገቡን ዘርግታ አሳየችኝ፣ እንደማነብ ሁሉ።

«ይሄ የጻፍሽው ውሸት ነው።»

ተናዳ ተመለሰችና ብርድ ልብሱን ገለጠችው። አንሶላው ወተት መስሏል። መርፌ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች።

«ይኸው ንጹሕ ነው። ለልጅ ልጅ ጓጉተው ነው የተጨነቁት፤ አረፍ ይበሉ» አለችኝ።

እጄን በእጄ። የኮራሁበት ንጽሕና አፌን ዘጋው።

ምድር ቤት ተመልሼ ወረድኩ። ካውያ ገንዳው ላይ አጎንብሳለች።

«ቅድም የሰጠሁሽን አንሶላ አምጪው። አልነከርሽውም አይደል?»

«ተራው አልደረሰም። ምነው፣ ለማስታወሻ ልታስቀምጪው ነው?» ብላ ከከረጢቱ ስትስበው ሽታው ደረሳት። ቀልዷ እዚያው ቀረ። «የማን ነው?»

«የእኔ ልጅ።»

«ታዲያ ምን ትገተሪያለሽ? ሩጪ።»

በዚህ ጉልበቴ ሮጥኩ። የዶክተሯ ጠረጴዛ ላይ፣ ከወረቀቶቿ በላይ ዘረጋሁት። «በይ እንግዲህ ይሄን አንብቢ» አልኳት። አጎነበሰች። ቀና ስትል ፊቷ ሌላ ሆኗል። ጠርሙሱን ነገርኳት፤ ስቀያይር መክረሜንም ነገርኳት። ቴርሞሜትር አንስታ ወደ መርፌ ክፍል ሄደች።

ቴርሞሜትሩን በዚህ ጊዜ አፏ ውስጥ አደረገችላት። ሠላሳ ዘጠኝ ተኩል።

መርፌ እኔን አየችኝ። «ሸጡኝ» አለች። «እማምዬ፣ እርስዎ ሸጡኝ።»

«አዎ። ዳኚና ጥይኝ» አልኳት።

ዶክተሯ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ልቡ አሁንም ይመታል» አለች። «ግን ኢንፌክሽኑ ወደ ደምሽ እየገባ ነው። አሁኑኑ ማቋረጥ አለብን። ውሳኔው ያንቺ ነው፤ ያንቺ ፊርማ ይበቃል።»

ልጄ ተጠርቶ መጣ፣ የአውቶቡሱን ቁልፍ እንደያዘ። ነገሩት። «እየመታ?» አለ። «እየመታ ልንፈርም?» እስክሪብቶውን አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠው፣ ወጣ።

መርፌ በሩን ለአፍታ አየችው። ከዚያ እስክሪብቶውን ወሰደች። ክር በመርፌ ቀዳዳ ሳታይ የምታስገባዋ ልጅ ስሟን ፊደል በፊደል ጻፈች።

«የአሻራ ቀለሙን አምጪልኝ» አልኳት ዶክተሯን።

«እማማ፣ ምስክር አያስፈልግም።»

«ምስክርነት አይደለም።» አውራ ጣቴን ከስሟ ጎን አሳረፍኩ።

መድኃኒቱን ሰጥተዋት እስከ ከሰዓት አማጠች። ሴት ነበረች። ልቧ ሳትወጣ ነው የቆመው። ሁለት መዳፍ አትሞላም። ካውያ ግማሽ የትራስ ልብስ ቆርጣ፣ ጠርዙን በእጇ ሰፍታ፣ ተኩሳ ላከችልን፤ ገና ይሞቅ ነበር። መርፌ ልጅቷን ታቅፋ ጠርዙን በጣቷ ዳሰሰች፣ ዳሰሰች።

«ስፌቱ ጠማማ ነው» አለች። ከዚያ ነው ያለቀሰችው።

ዶክተሯ በማግስቱ መጣች። ትኩሳቱ እየወረደ ነው። «ይቅርታ እማማ፣ መስማት ነበረብኝ» አለች። «እኔም መደበቅ አልነበረብኝም» አልኳት። ወንበር አቀረበችልኝ።

ልጄን ያገኘሁት ከሆስፒታሉ ጀርባ፣ ባዶ አውቶቡሱ ውስጥ ነው። መሪውን ይዞ ተቀምጧል፣ ሞተሩ ግን ጠፍቷል።

«አንቺ ባትናገሪ ኖሮ፣ እማዬ…»

«ባልናገር ኖሮ ሁለት ነበር የምትቀብረው።»

ፊቱን ወደ መስታወቱ አዞረ። «እንዴት ብዬ አያታለሁ? ጥያት ወጣሁ እኮ።»

አውራ ጣቴን አሳየሁት። ሰማያዊው በሳሙና አልለቀቀም፤ ብፈልግ አስለቅቀው ነበር፣ እኔ ነኝ ማስለቀቅ የማላውቀው?

«ከስሟ ጎን ያለው ይሄ ብቻ ነው» አልኩት። «የአሮጊት ጣት። ያ ቦታ የአንተ ነበር። ወረቀቱ አልፏል፣ አሁን ማንም ፈርም አይልህም። ግን ውረድ። ግባና እጇን ያዝ፣ እኔም ፈርሜያለሁ በላት። ብትሰድብህ አትመልስ፣ ዝም ብትልህም አትውጣ። ቁልፉን ደግሞ ለእኔ ስጠኝ።»