የቀዝቃዛው ቧንቧ እጀታ

ይህን ስነግራችሁ ራሴን አላሳምርም፤ ባሳምርም ታውቁብኛላችሁ። ሰባ አንድ ዓመት በሞላኝ የበረዶ ወራት፣ ኩሮሳዋ በሚባለው የፍል ውሃ ማደሪያ፣ ምንም ያልበደለችኝን ሴት ላባርር ተነሥቼ ነበር።

ኩሮሳዋ ለሽርሽር የሚኬድበት ቤት አይደለም። እኛ ገበሬዎቹ ሩዛችን ታጭዶ ከገባ በኋላ፣ በረዶው መንገዱን ሳይዘጋው፣ ሩዝ በከረጢት ይዘን፣ ብርድ ልብስ በጀርባ አዝለን የምንወጣበት ነው። ሰባት ቀን አንድ ዙር ይባላል፤ ሦስት ዙር ያልተነከረ ሰው ታከመ አይባልም። ወጥ ቤቱ የጋራ ነው፤ ሁላችንም የየራሳችንን እናበስላለን። ክፍል ከክፍል የሚለየው ወረቀት የተለጠፈበት ተንሸራታች በር ስለሆነ፣ ማን እንዳንኮራፋ በድምፁ ይለያል።

የሴቶቹ ገንዳ የጥድ እንጨት ነው። ከተራራው የሚወርደው ውሃ በአንደኛው ጫፍ በእንጨት አሸንዳ ይገባል፤ እዚያ ሥር ይፋጃል። ወደ ሌላው ጫፍ ሲሄዱ ትንሽ በትንሽ ይበርዳል፤ እዚያ ግድግዳው ላይ የቀዝቃዛ ውሃ ቧንቧ አለ። አሸንዳው ሥር የሚቀመጠው ሙቀቱን የሚችል ነባር ሰው ነው። ቦታውን ከአማቴ ወርሼ ሠላሳ አራት ዓመት ተቀምጬበታለሁ። ቧንቧውን መክፈት የፈለገ ሰው ገንዳው ውስጥ ያለነውን ማስፈቀድ አለበት። ደፍሮ የሚያስፈቅድ ግን አልነበረም።

በዚያ ዓመት በመከር ሐኪሙ ደረቴን አዳምጦ፣ ከእንግዲህ ትኩስ ውሃ ውስጥ እንዳልገባ፣ ግድ ካለኝም ለብ ያለው ውስጥ ጥቂት ብቻ እንድቆይ ነገረኝ። ለልጄም አልተናገርኩ፣ ለሺጌም አልተናገርኩ። ሺጌ ከማዶ መንደር የምትመጣ፣ ከሙሽርነታችን ጀምሮ አብራኝ የምትነከር ባልንጀራዬ ናት። ምላሷ ከአሸንዳው ውሃ ይብሳል።

ሪትሱኮ የመጣችው እኛ በገባን በሦስተኛው ቀን ነው። ሠላሳ አምስት ቢሆናት ነው። ወደብ ከተማ ውስጥ ዓሣ ማድረቂያ ቤት ትሠራለች። የፈላ ዘይት ተደፍቶባት ከትከሻዋ እስከ ክርኗ፣ ጎኗም ጭምር፣ ቆዳዋ ተኮማትሮ ክንዷን አስሮታል፤ ከትከሻዋ በላይ አይነሣላትም። ዓሣው የሚሰቀለው ደግሞ ከራስ በላይ ባለ ዘንግ ላይ ነው። አለቃዋ ሦስት ሳምንት ሰጥቷታል፤ ክንዷን ማንሣት ካልቻለች ሌላ ሰው ይቀጥራል። ይህን ሁሉ የነገረችን የማደሪያው ባለቤት ኖቡኤ ናት፣ እንድናዝንላት ብላ።

አላዘንንላትም። ልብስ ማውለቂያው ክፍል ውስጥ ፎጣ የምንሰቅልበት የቀርከሃ ዘንግ ከፍ ያለ ነው። ሪትሱኮ አልደርስ ቢላት ፎጣዋን ከታች ከቅርጫቷ ጠርዝ ላይ አንጠለጠለች። ሺጌ አየችና፣ ለድመቷ ነው የሰቀለችው አለች። ሳቅን። እኔም ሳቅሁ።

የመጀመሪያውን ቀን እንደ ደንቡ አስፈቅዳ ነበር። እግሯን ስታስገባ ፊቷ ተለዋወጠ፤ ጎንበስ ብላ፣ ትንሽ ቀዝቃዛ ብትጨምር ቅር ይለን እንደሆነ ጠየቀች። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ዝም አልኩ። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለው ዝምታ እምቢታ መሆኑን ሕፃንም ያውቀዋል። ሺጌ ግን ዝም ማለት አልፈጠረባትም።

"የኔ እመቤት፣ እኛ የመጣነው ልንቀቀል ነው" አለቻት። "መዋኘት ካማረሽ ወንዙ ከደጅ አለልሽ።"

በማግስቱ ሁላችንም ሳንነሣ ገብታ ቧንቧውን ከፍታው ኖሯል፤ ከዚያም በየጠዋቱ እንዲሁ አደረገች። እኛ ስንደርስ ውሃው ለብ ብሎ ሞቷል። እንዲህ ነው የምንለው፤ ገደለችው ነው የምንለው። ከሁሉም በላይ የጮህኩት እኔ ነኝ። ግን እናንተ እንደ ልጆቼ ናችሁና አልደብቃችሁም፤ በዚያ በሞተ ውሃ ውስጥ አሸንዳዬ ሥር ስቀመጥ ደረቴ አልደለቀም። ያን ዓመት እንደ ሰው የተነከርኩት በእነዚያ ጠዋቶች ብቻ ነው። እየተሳደብኩ ከሁሉም ኋላ እወጣ ነበር። ሪትሱኮ ጥግ ተቀምጣ ሰውነቷን ታሻለች። እኔን ታየኛለች ብዬ አላሰብኩም።

ጠቡ ወጥ ቤት ገባ። ጭስ ላይ አድርቀን በጨው የምናቆየውን፣ እንደ ካሮት የሚበላ ነጭ ሥር ማታ ማታ በሰሃን እናዞራለን፤ ከሰሃኑ ያልደረሰው ሰው እዚያ ቤት የለም ማለት ነው። ሰሃናችን በሪትሱኮ ፊት እያለፈ ሄደ። እሷም ከአገሯ ያመጣችውን የጨው ዓሣ አንድ ማታ ሸፍና አዞረች፤ ሳይነካ፣ ሳይገለጥ ተመለሰላት። ኖቡኤ ለብቻዬ ጠርታ፣ እማማ ኪኖ፣ እርስዎ አንድ ቁራጭ ቢያነሡ ሁሉም ያነሣል ብላ ለመነችኝ። ዓሣ ሆዴን ይነካኛል አልኳት። ዕድሜ ልኬን ዓሣ ስበላ ታውቃለች።

በሰባተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ገንዳው ባዶ ሳለ ገባሁ። የቧንቧው እጀታ ብሎን የላላ ነበር። በማንኪያ ጫፍ ፈታሁትና እጀታውን ወሰድኩ። ክፍሉን ከሺጌ ጋር ስለምጋራ ከሳሙናዬ ከረጢት ሌላ መደበቂያ አልነበረኝም። ለምን እንዳደረግሁት በዚያን ጊዜ ብትጠይቁኝ፣ የቤቱን ደንብ ላስከብር ነው እላችሁ ነበር። አሁን ግን አውቀዋለሁ፤ ውሃው ለብ ካለ አሸንዳው ሥር ማንም መቀመጥ ይችላል።

ኖቡኤ ቤቱን ሁሉ ፈተሸች። ባልዋ በጉጠት ሊያዞረው ሞከረና ቧንቧው አርጅቶ ስለነበር ተወው፤ ቢሰበር በዚያ በረዶ መሃል ቤቱ ያለ ውሃ ይቀራል። ወደ ከተማ ወርዶ ሌላ እንዳይገዛ መንገዱ ተዘግቷል። ሪትሱኮ በረዶ በባልዲ እያመጣች በሳህን ከቀዳችው ውሃ ጋር ትቀላቅልና ክንዷ ላይ ታፈሳለች። ሺጌ፣ በረዶ ቀቅላ ልትበላ ነው አለች። ትከሻና ጎን ግን ካልተነከረ በማፍሰስ አይላላም። ስድስት ቀን እንዲሁ አለፈ፣ ፎጣዋም ከቅርጫቱ ጠርዝ አልተነሣ።

እኔም ስድስቱን ቀን በሚፋጀው ውሃ ከረምኩ። ገባ ብዬ፣ እስከ ሃምሳ ቆጥሬ፣ ምክንያት ፈጥሬ እወጣለሁ። አንድ ቀን ሩዜ ያርራል፣ አንድ ቀን ለልጄ ደብዳቤ እጽፋለሁ።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን ወጥ ቤት ሩዝ ሳጥብ ሪትሱኮ መጥታ አጠገቤ ቆመች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

"እማማ፣ እጀታው እርስዎ ጋ ነው።"

"በዓይንሽ አየሽ?" አልኳት።

"አላየሁም። ቧንቧውን በምከፍትበት ጊዜ ግን ከሁሉም ኋላ የሚወጡት እርስዎ ነበሩ። ከጠፋ ወዲህ መጀመሪያ የሚወጡት እርስዎ ነዎት፤ ግድግዳ ይዘው ነው የሚወጡት።"

ሺጌ የምትከትፍበት ቢላዋ ቆመ።

"እኔ ክንዴን ነው የማጣው" አለች ሪትሱኮ። "እርስዎ ምን እንዳይቀርብዎት ነው?"

ያኔ እውነቱን ብናገር ኖሮ እዚያው ያበቃ ነበር። ነገር ግን የሁሉም ዓይን እኔ ላይ ነው። "ነገ ጠዋት ነይ" አልኳት፤ "ከእኔ ኋላ የወጣሽ እንደሆን አሸንዳውን ውሰጂ። ቀድመሽ ከወጣሽ ግን ዕቃሽን ሸክፊ።"

መጣች። እኔ አሸንዳዬ ሥር፣ እሷ ማዶ ጫፍ፣ እስከ አንገታችን ገባን። እዚያ ጫፍም ቢሆን ቀዝቃዛ ያልገባበት ውሃ እሳት ነው፣ እሷ ደግሞ አዲስ ቆዳ ነው ያላት። ትከሻዋ እንደ ሥጋ ቀላ። ከንፈሯን ነክሳ ዓይን ለዓይን ታየኛለች። ሌሎቹ ሴቶች ጠርዙ ላይ ተቀምጠው ያያሉ፣ የሚቀልድ የለም። እኔ እቆጥራለሁ። መቶ አልፌ ቁጥሩ ጠፋብኝ። ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር ይደልቃል፣ የሪትሱኮ ፊት ሁለት ሆነ። ሺጌ፣ ይብቃሽ ኪኖ አለች። ዝም በይ አልኳት።

እንዴት እንደ ተነሣሁ አላውቅም። ልብስ ማውለቂያው ድረስ በእግሬ ሄጃለሁ። ፎጣዬን ላወርድ እጄን ወደ ዘንጉ ስሰድ ወለሉ ወደ እኔ መጣ። የሳሙናዬ ከረጢት አብራኝ ወደቀች፤ ከውስጧ እጀታው ወጥቶ እንጨቱ ላይ እየጮኸ ተንከባለለ። ሁሉም ሰማው።

ሺጌ ሮጣ ጭንቅላቴን አቀፈች። ሪትሱኮ ውሃ እያንጠባጠበች ወጣች። አልረገጠችኝም፣ አላነሣችኝምም። እግሬን ተሻግራ እጀታውን አነሣችና ተመለሰች። ትንሽ ቆይቶ የቀዝቃዛው ውሃ ሲወርድ ተሰማ።

"አናቷ ላይ የሚፈስስ ቀዝቃዛ ከፈለጋችሁ" አለች ከውስጥ፣ "ክፍት ነው።"

ሺጌ በሳህን እየቀዳች አናቴ ላይ አፈሰሰች። የዳንኩት በዚያ ውሃ ነው።

ሺጌ ሁለት ቀን አላናገረችኝም። የተቀየመችው እጀታውን በመስረቄ መስሎኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን፣ ሞተሽ ብትቀሪ ለልጅሽ ምን ልለው ነበር ብላ አለቀሰች። ኖቡኤ እጀታውን በሽቦ አሰረችው። ሪትሱኮ ከዚያ በኋላ ማንንም አላስፈቀደችም፤ ሰባት ቀን ሙሉ፣ ጠዋትና ማታ፣ ለብ ባለው ውሃ ተነከረች። ልትሄድ ሁለት ቀን ሲቀራት ፎጣዋን ይዛ በእግሯ ጣት ተነሣች። ሁለቴ ወደቀባት። በሦስተኛው ዘንጉ ላይ ዋለ።

መንገዱ ተጠርጎ በሄደችበት ጠዋት ነጭ ሥሬን በሰሃን ሸፍኜ በሯ ላይ አስቀመጥኩ። ስመለስ እዚያው ነበር፣ እንደ ሸፈንኩት።

ከዚያ ወዲህ ዘጠኝ ዓመት ሆነ። አሸንዳውን ሪትሱኮ አልፈለገችውምና ሺጌ ወስዳዋለች፤ እኔ ማዶ ጫፍ፣ ከቧንቧው ሥር እቀመጣለሁ። ሪትሱኮ በየዓመቱ ትመጣለች። ፎጣዋን በአንድ እጇ ከላይ ትሰቅልና ሰላም ሳትለኝ አጠገቤ ትገባለች። እጇን በራሴ ላይ አሳልፋ ቧንቧውን ትከፍታለች፤ ቀዝቃዛው መጀመሪያ የሚያገኘው እኔን ነው። ማታ ሰሃኔን አስቀምጥላታለሁ፣ ሳይገለጥ ይመለሳል። ዘንድሮም ነጭ ሥሩን ጭስ ላይ አውጥቻለሁ።