ሃያ አራቱ መሳቢያዎች

«ቀዩን ወደዚህ፣ ሰማያዊውን ወደዚያ! ግራጫው ስለበዛ ሁለት መሳቢያ ስጡት!»

እንዲህ የምታዘው ሻለቃ ናት። ወታደር ቤት ደርሳ አታውቅም፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያስተማረችው ሂሳብ ነው። ዘመድ አዝማዱ ግን በዚህ ስም ይጠራታል፣ እሷም ሳይከፋት አቤት ትላለች። ታናሽ እህቷ ከተቀበረች ዛሬ ሦስተኛ ቀኗ ነው። ሳሎኑ በለቀስተኛ ሲሞላ የተረፉት ሴቶች ወደ ትንሿ ክፍል ገብተው፣ ወለሉ ላይ አንሶላ ዘርግተው፣ ሟቿ በሃያ አራት መሳቢያ ያጠራቀመቻቸውን የፕላስቲክ ጡቦች ገልብጠው በየቀለማቸው ይለያሉ። ልጆች እየገጣጠሙ ቤትና መኪና የሚሠሩባቸው ዓይነት ጡቦች ናቸው።

«የከፈትኩት መሳቢያ ሁሉ ቀዩ ከቢጫው፣ ጥቁሩ ከነጩ ተደበላልቋል» አለች ሻለቃ፣ በሩ ላይ ለቆመው የእህቷ ባል። «እሷ እኮ መድኃኒት ቤቷ ውስጥ አንዲት ፍሬ ኪኒን ከቦታዋ ስትወጣ የሚያማት ሰው ነበረች። ምን ነክቷት እንዲህ እንዳዝረከረከችው እንጃ። እሁድ የሕፃናት ማሳደጊያው መኪና መጥቶ ይወስደዋል፤ ሲወስዱት እንኳ ወግ ይኑረው። አሁን አያምርም?»

ባልየው መሳቢያዎቹን አየ። ቀዩ ቀይ ብቻ፣ አረንጓዴው አረንጓዴ ብቻ ሆኗል።

«ያምራል» አለ። ከልቡ ነበር።

«እንግዲህ እሁድ ይሂድ?»

«እንዳልሽ።»

ሃያ ሁለት ዓመት የከተማ አውቶብስ ነድቷል። ዕድሜውን ተቀምጦ የኖረ ሰው ከሰኞው ቀብር ወዲህ መቀመጥ አቅቶት ከበር በር ይቆማል። «አረፍ በል እንጂ» ይሉታል፤ «እሺ» ይላል፤ አያርፍም። ከኋላው፣ ኮሪደሩ ላይ፣ ሁለት ሴቶች ሻይ ይዘው ይንሾካሾካሉ።

«ይኼ ሁሉ መጫወቻ የማን ነው? ልጅ አልነበራቸውም አይደል?»

«የራሷ ነው አሉ።»

«የራሷ? በዚያ ዕድሜዋ?»

«ምን ታድርግ፤ ልጅ ሲጠፋ በዚህ ተጽናናቻ።»

«ቀስ በይ፣ ይሰማሻል።»

ሰምቷል። ግን አላስደነገጠውም። ከእነሱ ቀድሞ የተናገረው እሱ ነበር።

ነገሩን ወደ ቤት ያስገባውም እሱ ነው። ከአምስት ዓመት በፊት አውቶብሱ ውስጥ፣ የኋላ ወንበር ላይ፣ አንድ ካርቶን ተረስቶ አገኘ። የጠፉ ዕቃዎች ክፍል ሠራተኞች ሦስት ወር አስቀምጠው ጠያቂ ሲያጡ፣ ኃላፊዋ «ውሰደው፣ ለልጆችህ ይሆናል» ብላ እጁ ላይ አስቀመጠችው። ልጅ የለኝም እያሉ ማስረዳት ሰልችቶት ስለነበር አመስግኖ ተቀበለ። ቤት ሲደርስ ጠረጴዛው ላይ ጣለውና ረሳው። ሚስቱ ከመድኃኒት ቤት ስትመለስ ካፖርቷን እንኳ ሳታወልቅ ከፈተችው። ቀኑን ሙሉ የሰው ኪኒን ስትቆጥር የዋለች ሴት፣ ጡብ በጡብ ላይ ስትጭን ራት ቀዘቀዘ።

«ካፒቴን! ና እየው፣ በሩ እኮ ይከፈታል!»

ካፒቴን እሱ ነው። አውቶብስ ነጂ ከሆነ ጀምሮ እንዲሁ ትጠራዋለች። ከጋዜጣው ቀና ብሎ «እሺ» አለ። በሩን ግን ሄዶ አላየም።

ከዚያ ወዲያ አንድ ካርቶን ሁለት፣ ሁለቱ አሥር ሆነ። የተሠራውን ሳሎን መደርደሪያ ላይ ታስቀምጣለች፤ በሳምንት አንዴ በቀለም መቀቢያ ብሩሽ አቧራውን ታራግፋለች። «ና አብረን እንጀምር፤ ለአንተ ቀላሉን እሰጥሃለሁ» ትለዋለች። «ደሞ ይሄ ቀረኝ!» ይላታል። ይሳሳቃሉ። እንዲህ ሁለት ዓመት ሄደ።

አንድ ቅዳሜ የጋራዡ ጓደኞቹ ኳስ ሊያዩ ቤት መጡ። አንዱ ከመደርደሪያው ትንሽ ቤት አንሥቶ «ይሄ የማነው?» አለ። እሱም ማሳቅ አማረው።

«የሚስቴ ነው። ሌላው ሰው ይወልዳል፣ እኛ ቤት በካርቶን ይመጣል።»

ሳቁ ጣራ ነካ። ዞር ሲል ሚስቱ ብርጭቆ የደረደረችበትን ትሪ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። እሷም ፈገግ አለች፤ ብርጭቆዎቹን አንድ በአንድ አደለችና ወጣች። በማግስቱ ከሥራ ሲመለስ መደርደሪያው ባዶ ነበር። ሁሉንም ወደ ትንሿ ክፍል አስገብታዋለች። አልተቆጣችም፣ አላኮረፈችም፣ የክፍሉንም በር ቆልፋ አታውቅም። ብቻ ከዚያ ቀን ወዲህ «ካፒቴን፣ ና እየው» ብላው አታውቅም፤ እሱም ሦስት ዓመት ሙሉ ደፍሮ አልገባም።

ይህ ሁሉ ያሳፍራል፤ ግን የሚያቃጥለው ሌላ ነው። ሐኪሙ ድሮ፣ በተጋቡ በአራተኛው ዓመት፣ ሁለቱንም አስቀምጦ የምርመራውን ውጤት ነግሯቸዋል። ችግሩ የእሷ አልነበረም። ከሆስፒታሉ ሲወጡ ክንዱን ይዛ «ይሄ የሁለታችን ነገር ነው፤ ለማንም አይወራም» አለችው። አላወራችም። ባለፈው እሁድ መድኃኒት በሞላበት መደርደሪያ መሃል ቆማ ልቧ ቀጥ እስካለ ድረስ፣ ለአንድ ሰው ትንፍሽ አላለችም።

ዓርብ ከሰዓት አንድ የማያውቀው ወጣት መጣ። እጁን በሁለት እጁ ጨብጦ «ጋሼ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት። እኔ ከእትዬ ጋር የጡብ ማኅበር አባል ነበርኩ። ሥራዬ ጥርስ ነው» አለ።

«ሐኪም ነህ?»

«የለም፤ ሰው ሠራሽ ጥርስ ነው የምሠራው። ሐኪሙ ይነቅላል፣ እኔ እተካለሁ።»

ሻዩን ጠጥቶ ሲጨርስ የምትሠራበትን ክፍል ማየት ይችል እንደሆነ ጠየቀ። ባልየው ይዞት ገባ። ጥርስ ሠሪው አንድ መሳቢያ ሳበ፤ ግራጫ። ሁለተኛውን ሳበ፤ ግራጫ። ሦስተኛው ነጭ። ቀስ ብሎ ዘጋቸው።

«ማን ነው የለያቸው ጋሼ?»

«እህቷና ሴቶቹ። አላማረም?»

«ያምራል። ችግሩ ማማሩ ነው።» ከመሬት የወደቀች፣ የጡብ ቤት በር የሚከፈትባት፣ አንዲት ቀጭን ግራጫ ማጠፊያ አነሣና አሳየው። «እስቲ የዚህችን እኩያ ከግራጫው ያውጡልኝ።»

ባልየው እጁን ሰደደ። አገላበጠ፣ ዘገነ፣ መለሰ። ሁሉም ግራጫ ነው። ዓይኑ ማረፊያ አጣ። ከብዙ ፍለጋ በኋላ እጁን አወጣ።

«አዩ? ከአንድ ዓይነት ቅርፅ መሃል ቀይዋን ፈልግ ቢሉዎት ወዲያው ያገኟታል። አንድ ዓይነት ቀለም ውስጥ ግን ቅርፅ ይሰወራል። ለዚህ ነው በቅርፅ የምንለየው። ማጠፊያው ለብቻ፣ ስሱ ለብቻ፣ ጀርባው ላይ አንድ ጉብታ ብቻ ያለው ለብቻ። ቀለሙ ቢደበላለቅ ግድ የለም።»

«አዝረክርካው አልነበረማ።»

«እሷ? ኧረ በፍጹም! ስትጀምር እንኳ እንደዚህ በቀለም ነበር ያደረገችው፤ ሁላችንም እንዲያ ነው የምንጀምረው። በኋላ አፍርሳ እንደ አዲስ ለየችው። ከሥራ መልስ፣ ስምንት ወር።»

ባልየው መስኮቱን ያዘ። ስምንት ወር ከግድግዳው ማዶ የጡብ ኮሽታ ሲሰማ ትዝ አለው፤ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ይጨምር ነበር። ያንን ሁሉ ድካም በአንድ ከሰዓት ሲደመስሱባት ደግሞ ቆሞ ያምራል ብሏል።

ጥርስ ሠሪው «አንድ ነገር ልንገርዎት፣ አይቀየሙኝ» አለ። «በወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ ቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት እንሰበሰባለን። እትዬ ሁልጊዜ አጠገቧ ያለው ወንበር ላይ ቦርሳዋን ታስቀምጣለች። ለማን ነው ስንላት፣ ‹ለካፒቴን ነው፤ ዛሬ ተረኛ ሆኖ ነው እንጂ ይመጣል› ትላለች። እኛ እኮ፣ ጋሼ፣ እስከ ቀብሩ ቀን ድረስ ባለቤቷ መርከበኛ ነበር የሚመስለን። ‹ይሄ ሰውዬ ምን ዓይነት ባሕር ላይ ቢሆን ነው ሦስት ዓመት ወደብ የማይደርሰው› እንል ነበር።»

ባልየው ሳቀ። ሳቁ ሳይታሰብ አመለጠው፤ ከዚያ መሃል ላይ ተሰበረና ሌላ ድምፅ ሆነ። ቤተ መጻሕፍት የእሱ መስመር ዘጠነኛ ፌርማታ ነው። በየቅዳሜው በሩ ፊት ቆሞ ሰው አውርዶ፣ ሰው ጭኖ፣ መስታወቱን አይቶ ሄዷል።

ጥርስ ሠሪው ሲወጣ «እሁድ መጥቼ አብረን እንለየዋለን» አለው። ባልየው እሁድ ዕቃው እንደሚሄድ ሊነግረው አፉን ከፈተ፤ መልሶ ዘጋው። አይሄድም ለማለት ለምን እንደማይሄድ መናገር አለበት። ያንን ደግሞ ሃያ ዓመት አልቻለም።

እሁድ ጠዋት መኪናው ደጅ ቆመ። ሻለቃ እጅጌዋን ሰብስባ የመጀመሪያውን መሳቢያ አቅፋ ሳሎን ስትደርስ ባልየው ከፊቷ ቆመ።

«ተይው።»

«ምኑን?»

«መሳቢያውን። አይሄድም።»

«ወንድሜ፣ ‹እንዳልሽ› ብለኸኝ አልነበር?»

«ብዬሽ ነበር። አሁን አይሄድም።»

ሻለቃ ለቀስተኞቹን በዓይኗ ቃኝታ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሰው የሚያወራውን አትሰማም? ልጅ አጥታ በመጫወቻ ትጽናና ነበር እያሉ ነው። እህቴ ሞታም መሳቂያ ትሁን? ይሄ ነገር ከቤት ይውጣና አፋቸውን ይዝጉ።»

«በእኔ ነው።»

«ምኑ በአንተ?»

«ልጅ ያልወለድነው። በእኔ ነው። ሐኪሙ ለሁለታችንም ነግሮናል፤ እሷ ምንም አልነበረባትም።» ድምፁ ከፍ አላለም፤ ነገር ግን ሳሎኑ ውስጥ የማንኪያ ድምፅ እንኳ ቆመ። «በካርቶን ይመጣል ብዬ ሰው ያሳቅሁባትም እኔ ነኝ። እሷ ግን ዝም አለች።»

ሻለቃ መሳቢያውን እንዳቀፈች ቆመች።

«አንድ አልጋ ላይ ነው ያደግነው» አለች በመጨረሻ። «ለእኔ እንኳ? እኔ እኮ በየዓመቱ ሐኪም ቀይሪ እያልኩ ስጨቀጭቃት ነበር። ‹እሺ እታለም፣ እቀይራለሁ› ትለኝ ነበር። በየዓመቱ እሺ!»

ባልየው መሳቢያውን ፊቱ ላይ የምትወረውረው መስሎት ነበር፤ ቢሆንም ከቦታው ንቅንቅ አላለም። እሷ ግን በቀስታ ወለሉ ላይ አኖረችው፤ ወጥታ ለሾፌሩ የሆነ ነገር ተናገረች፤ የመኪናው ሞተር ተነሣ፣ ራቀ። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል።

«አልማርኩህም» አለችው።

«አውቃለሁ።»

«በምንድን ነው የሚለየው ታዲያ?»

«በቅርፅ።»

ከሰዓት በኋላ ሦስቱ ትንሿ ክፍል ወለል ላይ ተቀመጡ፤ ባልየው፣ ሻለቃና ጥርስ ሠሪው። ባልየው ከቀብሩ ወዲህ ሲቀመጥ የመጀመሪያው ነው። ሻለቃ እንደ ልማዷ ወዲያው ሥርዓት አወጣች፤ «ባለ ሁለት፣ ባለ አራት፣ ባለ ስምንት» እያለች በጉብታቸው ትቆጥራለች፤ በየመሃሉ ትቆምና አፍንጫዋን ጠርጋ ትቀጥላለች። የባልየው ወፍራም ጣቶች ትንንሾቹን መያዝ እያቃታቸው ይጥሉ ነበር። አንዴ ሁለት ስስ ጡቦች ተጣብቀው አልላቀቅ አሉት። በጥፍሩ ሞከረ፤ ተንሸራተተ። ወደ አፉ አስጠጋቸው።

«ኧረ ጋሼ፣ በጥርስማ አይነካም!» ብሎ ጥርስ ሠሪው ነጠቀው። «ጀማሪ ሁሉ እንዲህ ነው። ጡቡም ይጎዳል፣ ጥርሱም ይጎዳል፤ እኔ ነኝ የምጠቀም…» ጡቡን ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዞ አዘነበለው። «ይሄ ቀድሞም ተነክሷል።»

«የት?»

«እዚህ ጠርዙ ላይ። የቆየ ነው። የእትዬ የላይኛው ጥርስ፣ በግራ በኩል ያለችው፣ ትንሽ ወደ ውስጥ ዞር ያለች አልነበረችም?»

ባልየው ጡቡን ለማየት ተጠጋ። ያቺ ጥርስ የምትታየው ሚስቱ ከልቧ ስትስቅ ብቻ ነበር። ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንዳያት ለማስታወስ ሞከረ፤ ወደ ኋላ ቆጠረ፣ ዓመት ዘለለ፣ ሌላ ዓመት ዘለለ።

እጁን ዘረጋ። ጥርስ ሠሪው ጡቡን መዳፉ ላይ አስቀመጠለት። ባልየው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረና፣ ጎድጎድ ያለችውን ምልክት በምላሱ ጫፍ ፈልጎ ካገኛት በኋላ፣ የገዛ ጥርሱን በቀስታ እዚያው ላይ አሳረፈ። አልነከሰም። ዝም ብሎ ያዘው።