ለግራ እጅ የተለካ እጀታ

ምንይሉ ሰቆጣ በወጣበት ጠዋት ቀኝ እጁን ጋቢው ውስጥ ደብቆ ቢውል አይፈረድበትም። ገና ከመኪና እንደወረደ ሻይ ቤት ገብቶ ነበር። ብርጭቆውን ሲያነሣ አጠገቡ የተቀመጠች ሴት ጣቶቹን አየች፤ ይልቁንም የሌሉትን ጣቶች አየች። ክፉ ቃል አልወጣትም። ልጇን ሳብ አድርጋ ወደ ሌላው አግዳሚ ተዛወረች እንጂ። ጠጥቶ ሲጨርስ አስተናጋጇ ብርጭቆውን በወረቀት ይዛ አነሣችው። በሽታ መስሏቸው ነው፤ ያ ስሙ ሲጠራ ሰው ሁሉ ፈቀቅ የሚልለት በሽታ። ምንይሉ "ኧረ እኔን የቆረጠኝ ገመድ ነው!" ብሎ መጮኽ አማረው። ግን ሻይ ቤት ውስጥ ቆሞ እንዲህ ብሎ የሚጮኽ ሰው ጤነኛ ነው ማን ይለዋል? አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

በእርግጥም ገመድ ነበር። ከጓደኛው ከደረሰና ከሌሎች ዓሣ አጥማጆች ጋር ተከዜ ግድብ ላይ መረብ ሲጎትት ገመዱ እጁ ላይ ተጠምጥሞ ሳለ ጀልባዋ ተፈተለከች። ሌባ ጣቱና የመሐል ጣቱ ሄዱ። ቁስሉ ዳነ፤ መረብ መጎተት ግን ቀረ። መረብ የማይጎትት ሰው ጀልባ ላይ ቦታ ከማጣበብ በቀር ምን ይሠራል? ጓደኞቹ ደግ ናቸው፤ ሂድልን አላሉትም። ቢላ ሰጥተው ዳር አስቀመጡትና የዓሣ ቅርፊት ሲያራግፍ ይውል ጀመር። እነሱ ውኃው መሐል ሲሳሳቁ ድምፃቸው እሱ ጋ ይደርስ ነበር። ያንን ሳቅ ከዳር ሆኖ መስማት ከቁስሉ ይልቅ አንገበገበው።

ኋላ ለጥናት መጥተው የነበሩ ባለሙያዎች እጀታው የተሰበረ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ጥለው ሄዱ። ዘንጉ ደኅና ነው፣ ክር መጠቅለያውም ይሠራል። ደረሰ አገላብጦ አየውና፣ "በዚህ ለማጥመድ መረብ ጎታች አያስፈልግም። እጀታ አሠርተህለት ና፤ የጀልባዋ የፊት መቀመጫ ያንተ ነው" አለው። ምንይሉም ዘንጉን አንግቶ ሰቆጣ የወጣው ያቺን መቀመጫ ብሎ ነው።

እንጨት ሲባል ደግሞ አባ ቅጣው ናቸው። በአካባቢው ካህን ሁሉ ማኅሌት ላይ የሚደገፍበት መቋሚያ ከእሳቸው ደጅ የወጣ ነው። የሰውየውን ብብት ሳይለኩ መቋሚያ አይጠርቡም፤ "ቁመቱን ልንገርዎ" ያላቸውን ሰው "እንግዲያው ራስህ ጥረበው" ብለው የመለሱ ሽማግሌ ናቸው። ዓሣ ግን አጥምደው አያውቁም። ዘንጉን ተቀብለው እያወዛወዙ ጠየቁት።

"ይኸ ነገር እንዴት ነው የሚያዝ?"

"አንዱ እጅ እዚህ ላይ ይጨብጣል። ሌላው ይችን ያዞራል። የኋላው ጫፍ ክንድ ሥር ይገባል፣ አባ።"

"ዓሣው ሲጎትት የሚችለው የትኛው እጅ ነው?"

"ቀኙ።"

"እንግዲያው ነገሩ ሁሉ ቀኙ ላይ ነው። እጀታው ቢወፍር እጅ አይሞላለትም፣ ያመልጣል። ቢቀጥን መዳፍ ውስጥ ይሽከረከራል። ሲጨብጡት የጣት ጫፍ መዳፍን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው ነው ልኩ። በል ቀኝህን አምጣ።"

ምንይሉ ቀኙን ጋቢው ውስጥ ይበልጥ ሸጎጠው። ሻይ ቤት ያየችው ሴት ፊት ድቅን አለበት። እኒህም ሽማግሌ እጃቸውን ሰብስበው ወደ ኋላ ሲሉ ታየው።

"የኔ አይደለም፤ የወንድሜ ነው" አለ። "እጁ ከኔ እጅ አይለይም።" ይህን ብሎ ግራ እጁን ዘረጋ።

አባ ቅጣው የተዘረጋውን እጅ ትኩር ብለው አዩት። እዚያ አገር ለታላቅ ሰው ግራ እጅ የሚዘረጋ ከማን እንደተወለደ ይጠየቃል።

"ቀኝህን ምን ነካው?"

"ምንም፣ አባ።"

"ምንም ካልነካው ለሽማግሌ ግራ ይዘረጋል?"

ምንይሉ ባለጌ መባሉን መረጠ። ሽማግሌውም ከንፈራቸውን መጠጥ አድርገው፣ የዛሬ ልጅ ብለው፣ ቅር እያላቸው ግራውን ለኩ። በሲባጎ ዙሪያውን ያዙ፤ የመዳፉን ስፋት ወሰዱ፤ ከክርኑ እስከ አንጓው ድረስ ለክተው ሲባጎውን ቋጠሩበት። ወይራ ይከብዳል ብለው ከዋንዛ ጠረቡለት። አጠራረባቸው ለባለጌም ቢሆን ያው ነው።

ምንይሉ የተጠናቀቀውን ዘንግ ተረክቦ ወደ ግድቡ አቅጣጫ፣ ወደ ጽጽቃ የሚሄደው መኪና ላይ እንደተቀመጠ በቀኙ ጨበጠው። ወዲያው ገባው። እጀታው ሙሉ ነበር፤ የጎደለው እጁ ነው። አውራ ጣቱ ከወዲህ፣ ሁለቱ ጣቶች ከወዲያ ሆነው አልገናኝ አሉ። ያኔ ወርዶ ቢመለስ ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር። ግን መመለስ ማለት እጅን ማሳየት ነው። እለምደዋለሁ ብሎ ራሱን ሸነገለና መንገዱን ቀጠለ።

አልለመደውም። ጀልባዋ ፊት በተቀመጠ በመጀመሪያው ቀን፣ ገና የጓደኞቹን ወሬ እንኳ በቅጡ ሳይጠግብ፣ አንድ ትልቅ አምባዛ መንጠቆውን ውጦ ወደ ታች ሸመጠጠ። እጀታው ከእጁ ሙልጭ ብሎ ወጣ። ዘንጉ ውኃው ላይ አንድ ጊዜ ቀጥ ብሎ ቆመና ሰመጠ። ጀልባው ውስጥ ያለው ሁሉ ሳቀ፤ ወዲያው ደግሞ በመሳቁ ደነገጠ።

"ሽማግሌው እጅህን አላዩትም እንዴ?" አለ ደረሰ።

እውነቱን ለመናገር አንዲት ቃል ትበቃ ነበር። ምንይሉ ግን ያንን ሁሉ ዐይን ፊቱ ላይ ሲያይ አፉ ቀደመው። "አይተውታል እንጂ! አገላብጠው ነው የለኩት። ዐይናቸው ፈዟል፣ ምን ላድርጋቸው?"

ወሬ እግር አለው ሲባል ቀልድ አይምሰላችሁ። ይህችኛዋ ከዓሣው ጋር መኪና ተሳፍራ ሰቆጣ ገባች። ጥቂት ሰንብቶ ደረሰ ከከተማ ሲመለስ እንደ ዋዛ አወራለት፤ ለጥምቀት የታዘዙት መቋሚያዎች ከአባ ቅጣው ላይ ተነሥተው ለሌላ ጠራቢ ተሰጡ አለ። "ዐይናቸው ጠፍቷል አሉ። አንተስ ቀድመህ አውቀህ ነበር" አለው። ምንይሉ የያዘውን ቢላ አስቀመጠ። ከራሱ ጋር አንድ ቤት መኖር እስኪጠላ ድረስ አፈረ። ሄጄ እነግራቸዋለሁ አለ። ገበያው ይለፍ አለ፤ ከዚያ ደግሞ በዓሉ ይለፍ አለ። ሁሉም አለፈ፣ እሱ ግን አልሄደም።

የመጡት እሳቸው ናቸው። ጀልባዎቹ ከውኃ ወጥተው፣ ሰዉ ዳሱ ሥር አረፍ እንዳለ፣ አንድ ሽማግሌ በዳገቱ በኩል ቀስ እያሉ ሲወርዱ ታዩ። ዳሱ ጋ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ጎንበስ አሉና ከመሬት ድንጋይ አንሥተው ማጅራታቸው ላይ አኖሩ። የበደለ ሰው ይቅርታ ሲጠይቅ እንደዚያ ነው። ግን እንዲህ የሚያደርገው ልጅ ለአባቱ፣ ታናሽ ለታላቁ እንጂ ባለ ሽበት ለጎረምሳ አይደለም። ሰዉ ሁሉ ተነሣ።

"ኧረ አባ፣ በማርያም! ያውርዱት!" አለ ደረሰ እየሮጠ።

"ተወኝ፣ አጥፍቻለሁ" አሉ አባ ቅጣው ጎንበስ እንዳሉ። ከዚያ ምንይሉን ለዩት። "ልጄ፣ የወንድምህ ዘንግ በኔ ሥራ ጥፋት ውኃ ገባ አሉኝ። ይቅር እንዲለኝ ነው የመጣሁ። ወንድምህ የቱ ነው?"

ደረሰ "የምን ወንድም?" አለና ወደ ምንይሉ ዞረ።

"ዐይኔ መሄዱን ከሰው ነው የሰማሁ፤ እኔ አላወቅሁትም ነበር" ሲሉ ቀጠሉ ሽማግሌው። "ከዚያ ወዲህ የለካሁትን ደግሜ እለካለሁ፤ ደግሜ እጠራጠራለሁ። ያየሁትን ነገር ማመን አቃተኝ። እባክህ እጀታው ያመለጠውን ያንን እጅ አንዴ ልየው። ተሳስቼም እንደሆነ ልወቀውና መጥረቢያዬን ልስቀል።"

ከዚህ በላይ ማፈር ያለ አልመሰለውም። ምንይሉ እግራቸው ሥር ተንበርክኮ ቀኝ እጁን ከጋቢው አወጣ።

"ወንድም የለኝም፣ አባ። እጁ ይኸ ነው። ያኔ እንዳይሸሹኝ ብዬ ይኸን ደበቅሁና ግራዬን ሰጠሁዎ። እርስዎ አልተሳሳቱም። ዐይናቸው ፈዟል ብዬ ያስወራሁት እኔ ነኝ።"

ድንጋዩ ከአባ ቅጣው ማጅራት ተንሸራቶ ወደቀ። ደረሰ ምንይሉን አየውና ወዲያው ዐይኑን ወደ ውኃው መለሰ፤ ሌሎቹም እንደዚያው። ምንይሉ ጭንቅላቱን ደፍቶ እርግማኑን ጠበቀ።

ሽማግሌው እጁን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ወደ ዐይናቸው አስጠጉት። አልሸሹትም። የተቆረጡትን ጣቶች ጉቶ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ።

"ሁለቱ የሉም" አሉ።

"የሉም፣ አባ።"

"ያኔ የለካሁት እጅ ግን ሙሉ ነበር።"

"ሙሉ ነበር።"

"እጀታውስ? ለዚያ ለሙሉው እጅ ልክ ነበር?"

"ልክ ነበር። በግራዬ ስይዘው ምንም አይወጣለትም ነበር።"

አባ ቅጣው ቀና አሉ። ፊታቸው በራ። "ሰማችሁ?" አሉ ወደ ሰዉ ዞረው፣ እንባቸው ጉንጫቸው ላይ እየወረደ። "ዐይኔ ደኅና ነው! ልክ ነበር አለ! ዐይኔ ደኅና ነው እኮ!" እጁን አገላብጠው ሳሙት።

"ይርገሙኝ እንጂ፣ አባ" አለ ምንይሉ።

አልሰሙትም። ከኪሳቸው ሲባጎ አውጥተው እጁ ላይ መጠምጠም ጀምረው ነበር። "እዚህ ላይ በጣም ይቀጥናል። አውራ ጣቱ የሚያርፍበት ይጎደጉዳል። ከትንሿ ጣት በታች አበጥ ይላል፣ እንዳያመልጥ። አየህ? አየሁት እኮ!"

"ዘንጉ ሰምጧል፣ አባ። እጀታ የሚገባለት ነገር የለም።"

"ግድ የለም፣ ልለካው" አሉ። ለኩት፣ ደግመው ለኩት፣ በየጊዜው ልኩ አንድ ሆኖ ሲያገኙት ይሥቁ ነበር። ምንይሉ እጁን እንደዘረጋ፣ በጓደኞቹ ሁሉ ፊት፣ እስኪጨርሱ ድረስ ተንበርክኮ ቆየ። ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል ደስ ያላቸው እሳቸው ብቻ ነበሩ።